በችሎት ላይ ያለ የዱቤ ክርክር በሽምግልና አልቋል፤ ስምምነቱ እንዴት ይጻፍ?

መሐል_ሽማግሌ

ጤና ይስጥልኝ። ልደታ፣ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተከፈተ የገንዘብ ክስ አለ። ከሳሹ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ተከሳሹ ሥራ ተቋራጭ ነው። በዱቤ የወጣው ፌሮና ሲሚንቶ 1,850,000 ብር ነበር። 400,000 ብር ተከፍሏል፤ ክሱ በቀሪው 1,450,000 ብርና በወለዱ ነው። ተከሳሹ በመልሱ «ከፌሮው የተወሰነው ቁጥሩን የማይሞላ ቀጭን ነው» ብሏል። በከሳሽ ጥያቄ የተከሳሽ አይሱዙ መኪና ታግዷል።

በሦስት ሽማግሌዎች ፊት 1,200,000 ብር ተከፍሎ እንዲያበቃ፣ ክፍያውም በየወሩ 200,000 ብር ሆኖ በስድስት ወር እንዲጠናቀቅ ተስማምተዋል። በእጅ የተጻፈው ረቂቅ የሚለው ይህን ነው፦ ከሳሽ ክሱን ያነሳሉ፤ የተከሳሽ ወንድም ዋስ ይሆናል፤ ተከሳሽ ቃሉን ካጠፈ ኮንዶሚኒየም ቤቱ የከሳሽ ይሆናል።

ጥያቄዎቼ፦ ክሱን ማንሳት ይበቃል ወይስ ፍርድ ቤቱ ያጽድቀው? የቤቱ ነገር እንዲህ ተጽፎ ይጸናል? ዋሱ አሜሪካ ስለሆነ በወኪል ነው የሚፈርመው። ከሳሹ አዛውንት ናቸው፤ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በጣት አሻራ ይፈርማሉ። ችሎቱም ባለፈው ቀጠሮ «ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ብትሞክሩ» ብሎ ነበር። ሽምግልናው ካለቀ ወደዚያ መሄድ ያስፈልጋል?

ጠበቃ_ከልደታ

ወንድሜ፣ ረቂቁ እንዳለ እንዳይፈረም። የተስማሙበት ነገር ጥሩ ነው፤ አጻጻፉ ግን ከሳሹን ባዶ እጃቸውን ሊያስቀር ይችላል።

ከማንሳቱ ልጀምር። «ታርቀናል፣ ክሱን አንስቻለሁ» ተብሎ መዝገቡ ከተዘጋ በከሳሹ እጅ የሚቀረው ተራ ውል ነው። ተከሳሹ በሦስተኛው ወር ቢያቆም አፈጻጸም (የፍርድ ማስፈጸሚያ መዝገብ) መክፈት አይችሉም፤ በስምምነቱ ላይ አዲስ ክስ መስርተው፣ ዳኝነት ከፍለው፣ እንደገና መከራከር ይጠበቅባቸዋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር (ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ.) 278 እና 279 መሠረት ደግሞ እንደገና የመክሰስ መብት ሳይጠበቅ የተነሳ ክስ በዚያው ጉዳይ ተመልሶ መምጣትን ሊዘጋ ይችላል። መንገዱ 274 እስከ 277 ያለው ነው። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ፣ በችሎትም ሆነ ከችሎት ውጭ መታረቅ ይቻላል። ከችሎት ውጭ ከታረቃችሁ ለፍርድ ቤቱ አሳውቃችሁ በ277 መሠረት ትእዛዝ እንዲሰጥበት ትጠይቃላችሁ። ፍርድ ቤቱ ለሕግና ለሞራል ተቃራኒ አለመሆኑን አይቶ ሲያጸድቀው ስምምነቱ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። የማመልከቻው ዋና ቃል «ክሱ ይነሳልን» ሳይሆን «ስምምነቱ ጸድቆ እንደ ፍርድ እንዲፈጸም ይታዘዝልን» ነው።

ስምምነቱ ምን መያዝ እንዳለበት ሥነ ሥርዓት ሕጉ ራሱ ይነግራችኋል፦ የፍርድ ቤቱ ስምና ቦታ፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የተከራካሪዎች ሙሉ ስምና አድራሻ፣ እርቁ የሚሸፍነው ጉዳይ። ቃሉ ቀላልና ቁርጥ ያለ ይሁን፤ ወጪና ኪሳራን፣ አፈጻጸምንም ይንካ፤ ይፈረም። ብዙ የሽማግሌ ስምምነት የሚወድቀው ወጪውን ዘሎ ነው። ከሳሹ የከፈሉትን ዳኝነትና የጠበቃ አበል ማን ይችላል? «እያንዳንዱ የራሱን ወጪ ይቻል» ማለት እንኳ ከዝምታ ይሻላል።

አፈጻጸም ችሎት የሚፈጽመው የተጻፈውን ብቻ ነው። «ተከሳሽ በየወሩ እየከፈለ ያጠናቅቃል፤ ባይከፍል በሕግ ይጠየቃል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለፍርድ አፈጻጸም ዳይሬክቶሬት ምንም አይነግረውም። በዚህ መንገድ ጻፉት፦

«ተከሳሽ ለከሳሽ 1,200,000 (አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ) ብር በስድስት ጊዜ ይከፍላል። እያንዳንዱ ክፍያ 200,000 (ሁለት መቶ ሺህ) ብር ሲሆን ከኅዳር 5 እስከ ሚያዝያ 5 ድረስ በየወሩ በ5ኛው ቀን በከሳሽ የባንክ ሒሳብ ገቢ ይደረጋል። አንዱ ክፍያ በቀኑ ሳይገባ ቀርቶ በ10 ቀን ውስጥ ካልተሟላ፣ ያልተከፈለው ሁሉ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ተከፋይ ይሆናል። ከሳሽ ያደረጉት የ250,000 (ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ) ብር ቅናሽም ቀሪ ይሆናል።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ትልቅ ዋጋ አለው። ተከሳሹ ሁለት ወር ከፍሎ ቢያቆም የሚቀርበት 800,000 ሳይሆን 1,050,000 ብር ነው። ቅናሹ በወቅቱ ለመክፈል የተሰጠ መሆኑ በግልጽ ከተጻፈ «ይህ የበዛ መቀጫ ነው» የሚለው ክርክር ይደክማል። የባንኩ ስምና የሒሳብ ቁጥሩ በስምምነቱ ላይ ይስፈር። በጥሬ ገንዘብ ተከፈለ፣ አልተከፈለም የሚል ክርክር አፈጻጸሙን ለወራት ያጓትታል።

ወለዱንም አትርሱት። በውል ያልተወሰነ ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ1,450,000 ብር ላይ በዓመት 130,500 ብር ይሆናል። ከሳሽ ትተውታል ወይስ ተከሳሽ ሲያጠፋ ይመለሳል? ይጻፍ።

የፌሮው ጥራትም እንዲሁ። ስለሱ ዝም ከተባለ ተከሳሹ ነገ «ዕዳውን ከፈልኩ፣ ለቀጭኑ ፌሮ ግን ካሳ ይገባኛል» ብሎ ሊመጣ ይችላል። በእርቅ የተተወ መብት በጠባቡ ነው የሚተረጎመው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር፣ ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 3309)። ስለዚህ የደረሰኞቹንና የማስረከቢያዎቹን ቁጥርና ቀን ዘርዝራችሁ «በእነዚህ ርክክቦች ምክንያት፣ የዕቃውን ጥራትና ልክ ጨምሮ፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚያነሳው ጥያቄ የለም» በሉ። በ3312 መሠረት እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደማይባልበት ፍርድ ነው፤ «መብቴን በትክክል ሳላውቅ ታረቅሁ» ማለት አያፈርሰውም። ለሁለቱም ወገን ከመፈረሙ በፊት ይህ ይነበብላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እግዱ። መዝገቡ ሲዘጋ በመኪናው ላይ ያለው እግድ አብሮ ይነሳል፤ መኪናውም በማግስቱ ሊሸጥ ይችላል። «እግዱ የመጨረሻው ክፍያ እስኪገባ ይቆያል» የሚል አንቀጽ ስምምነቱ ውስጥ አስገቡና በማመልከቻውም ለይታችሁ ጠይቁት። ተከሳሹ በመኪናው እየሠራበት ከሆነ እግዱ ሽያጭና ስም ዝውውርን ብቻ እንዲመለከት ይደረግ። መኪናው ቆሞ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ሰነድ_አዋቂ

ጠበቃው በሚገባ ነግሮሃል፤ እኔ ቤቱን፣ ዋሱንና ፊርማውን ልያዝ።

«ካልከፈለ ቤቱ የከሳሽ ይሆናል» የሚለው አይጸናም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 3060 አበዳሪው ዕዳው በቀኑ ሳይከፈለው ሲቀር የሕጉን ሥርዓት ሳይጠብቅ መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድን ስምምነት ዋጋ ያሳጣዋል። ዳኛው ይህን አንቀጽ ካየ ስምምነቱን ሙሉውን አላጸድቅም ሊል ይችላልና ለጠቅላላው እርቅ አደጋ ነው። ቤቱን ዋስትና ማድረግ ከፈለጋችሁ መያዣው በጽሑፍ ይሁን፣ የተያዘበት የገንዘብ ልክ በብር ይገለጽ፣ ቤቱ በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይመዝገብ። ሳይመዘገብ የቀረ የቤት መያዣ ውጤት የለውም። ኮንዶሚኒየሙ የማስተላለፍ ክልከላ ጊዜ ላይ ከሆነ ወይም የባንክ ብድር ካለበት ደግሞ ከናካቴው ሌላ ዋስትና ፈልጉ። መኪናው ይቀላል፦ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ 1147/2011 መሠረት በኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ማስመዝገብ ይቻላል።

የሚያዘው ንብረት ባለቤት ትዳር ካለው ሚስቱ ትፈርም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥም ሆነ በመያዣ መስጠት የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል። ከብር 500 በላይ ለሆነ ዕዳ ለሌላ ሰው ዋስ መሆንም እዚያው ውስጥ አለ፤ ይህን ብዙ ሽማግሌ አያውቀውም። የዋሱ ሚስት ካልፈረመች ነገሩን ካወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ግዴታው ከተገባ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ልትጠይቅ ትችላለች (አንቀጽ 69)። የጸደቀ እርቅም ቢሆን ተካፋይ ያልነበረ ባለመብት በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 358 ሊቃወመው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ሚስቶች ቀድመው ይምጡ።

ወንድምየውን በተመለከተ፣ «ዋስ ይሆናል» የሚል ቃል ዋስ አያደርገውም። ዋስትና በግልጽ ይጻፋል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብ ካልተወሰነ ውሉ አይጸናም (ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1922)። «እስከ 1,450,000 ብር ድረስ፣ ከተከሳሹ ጋር በአንድነትና በነጠላ» ብላችሁ ጻፉ። ልኩ 1,200,000 ከሆነ ቅናሹ ቀሪ ሲሆን በሚመለሰው 250,000 ብር ዋሱን መያዝ አይቻልም። በመዝገቡ ተከራካሪ ስላልነበረም ራሱ በስምምነቱ ገብቶ «ተከሳሽ ባይከፍል በዚሁ መዝገብ አፈጻጸም ይቀጥልብኝ» ብሎ ይፈርም፤ አለበለዚያ እሱን ለመያዝ ሌላ ክስ ያስፈልጋል።

ውክልናው ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ «በስሜ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ ቤቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ነው። ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 2205 ለእርቅ፣ ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭና መያዣ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «በመዝገብ ቁጥር እንዲህ በተያዘው ጉዳይ እስከ ብር ይህን ያህል ዋስ እንዲሆንልኝ፣ የእርቅ ስምምነት እንዲፈርምልኝ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲያረጋግጥልኝ» ተብሎ ይጻፍ። በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈረማል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቀጠሮው ሲቃረብ አትጀምሩት። የከሳሽም ሆነ የተከሳሽ ጠበቃ ለመታረቅ ሥልጣን እንዳለው ውክልናው ላይ ዐይናችሁን ጣሉ።

አዛውንቱስ? በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1728 መሠረት ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። በሽማግሌ ቤት በቀለም የታተመ አውራ ጣት አይበቃም። ቀላሉ መንገድ ራሳቸው ችሎት ቀርበው ስምምነቱ ተነቦላቸው፣ ዳኛው ጠይቀዋቸው፣ አሻራቸውን እዚያው እንዲያኖሩ ማድረግ ነው። በጽሑፍ የሚደረግ ውል ሁለት ምስክር ይፈልጋልና (1727) ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በምስክርነት ይፈርሙ።

አስማሚ_ቂርቆስ

ስለ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የጠየቅኸውን ልመልስ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 ያስገባው ሥርዓት ነው። ጉዳዩ ከችሎት ወደ አስማሚ ይመራል። ካልተስማሙ መዝገቡ ወደ ችሎት ይመለሳል፤ ከተስማሙ ስምምነቱ ለዳኛው ቀርቦ ይጸድቃል። ሽምግልናችሁ በእውነት ካለቀ እንደገና መቀመጥ ግዴታ አይደለም፤ በ277 ቀጥታ መሄድ ይቻላል። እኔ ግን በሁለት ምክንያት እዚያ አንድ ጊዜ ቢቀመጡ እመርጣለሁ።

አንደኛው የክፍያው አቅም ነው። 200,000 ብር በየወሩ የሚለው ከየት መጣ? ሥራ ተቋራጭ የወር ደመወዝ የለውም፤ ገንዘቡ የሚመጣው አማካሪ መሐንዲሱ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ የሚቀርብ የክፍያ ሰነድ) ሲያጸድቅና የፕሮጀክቱ ባለቤት ሲከፍል ነው። ሦስት ወር ምንም ሳይገባ ቆይቶ በአራተኛው 900,000 ሊገባ ይችላል። እኩል የወር ክፍያ ለሽማግሌ ጆሮ ያምራል፤ ለዚህ ሰው ግን በሁለተኛው ወር መውደቅ ነው። አስማሚ ተከሳሹን ለብቻው አስቀምጦ «የትኛው ፕሮጀክት ላይ ስንት ቀሪ አለህ? የሚቀጥለው ሰርተፊኬት መቼ ነው? ከዚያ ላይ ለሠራተኛና ለግብር ስንት ይወጣል?» ብሎ በወረቀት ላይ ያሰላዋል። ከዚያ የሚወጣው መርሐ ግብር ምናልባት 300,000 አሁን፣ 500,000 በጥር መጨረሻ፣ 400,000 በመጋቢት ይሆናል። ድምሩ ያው 1,200,000 ነው። ከሳሹም የሚፈልጉት ገንዘቡን እንጂ አፈጻጸም መክፈትን አይደለም።

በብቻ የተነገረ ነገር ያለ ተናጋሪው ፈቃድ ወደ ሌላው አይሻገርም። ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ «እሱ እኮ እስከ 1,300,000 እከፍላለሁ ብሎናል» ብለው ለሌላኛው ያወጡታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም እውነቱን አይነግራቸውም።

ሁለተኛው የፌሮው ጥያቄ በግምት መታለፉ ነው። 250,000 ብር ቅናሽ የተደረገው ለጥራቱ ነው ወይስ ለሰላም ሲባል? አይታወቅም፤ ያልታወቀ ነገር ደግሞ ቂም ሆኖ ይቆያል። ልኩን ማወቅ ቀላል ነው። ቁጥር 12 ፌሮ (ዲያሜትሩ 12 ሚሊ ሜትር የሆነው) በሜትር 0.888 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ ወደ 10.66 ኪሎ ይመጣል። ያልተሠራበት ብረት ሳይት ላይ ካለ ሁለቱም ባሉበት አሥር ቤርጋ በአንድ ላይ ይመዘን። 106 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ቅሬታው መሠረት የለውም። 95 ኪሎ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቤርጋ ዲያሜትሩ ወደ 11.3 ሚሊ ሜትር ወርዷል ማለት ነው፤ ያኔ ከሳሹ ራሳቸው ቅናሹን በሌላ ዐይን ያዩታል። ሚዛኑ የታየበትን ወረቀት ሁለቱም ይፈርሙበት። ብረቱ ሁሉ ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ ካለቀ ይህ አይሠራም፤ ያኔ ማስረከቢያው ላይ የተጻፈውን ኪሎና የቤርጋ ቁጥር አካፍሎ ማየት ነው።

ሽምግልናው ላይ የተያዘ ቃለ ጉባኤ ካለም ተጠንቀቁ። «ተከሳሽ ዕዳውን በሙሉ አምኗል» የሚል መስመር አለበት? እርቁ ባይጸድቅ ከሳሽ ያን ወረቀት ለችሎት ማያያዛቸው አይቀርም። የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1237/2013 የእርቅ ንግግርን ምሥጢር ይጠብቃል። የናንተ ሽማግሌዎች ግን መጀመሪያ ላይ «እዚህ የተባለው ለክርክር አይውልም» የሚል ስምምነት ካላስፈረሙ የክርክር በር ይከፈታል። አሁንም አልረፈደም፤ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለቱን አስፈርሙ፣ ቃለ ጉባኤውም ውጤቱን ብቻ ይያዝ።

መሐል_ሽማግሌ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ክፍያውን በሰርተፊኬት መርሐ ግብር ለመቀየር ዛሬ ተነጋግረዋል፤ የቤቱ አንቀጽም ወጥቷል። አንድ ነገር ቀረኝ። ከሳሹ «ስድስት ቼክ ቀን ተጽፎባቸው ይሰጠኝ፤ አንዱ ቢመለስ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ፣ ካልተመለሰ አልሄድም ብዬ እፈርማለሁ» ይላሉ። ከዚህ በፊት የተመለሰ አንድ ቼክም በእጃቸው አለ። ይህ ስምምነቱ ውስጥ ይግባ?

ጠበቃ_ከልደታ

አይግባ። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ነው፤ ክሱም የመንግሥት እንጂ የከሳሹ አይደለም። ሽማግሌም ሆነ ከሳሽ ሊተዉት የሚችሉት የፍትሐ ብሔር ጥያቄውን ብቻ ነው። «ወንጀሉን አልጠቁምም» የሚል አንቀጽ ለገንዘብ የተሸጠ ዝምታ ስለሚሆን ዳኛው በሕግ ተቃራኒነት ስምምነቱን ሊመልሰው ይችላል። በእጃቸው ያለውን የተመለሰ ቼክ በተመለከተ ቼኩ የዚሁ 1,450,000 ብር ዕዳ አካል መሆኑን ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ተከሳሹ ለአንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ ነው።

ስድስቱን ቼክ መውሰድም አልመክርም። ቼክ በሕግ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የመጋቢት ቀን ተጽፎበት በጥር ለባንክ ቢቀርብ «ቀኑ አልደረሰም» የሚል መከላከያ ባንኩ ዘንድ አይሠራም። ከሳሹ ባይቸኩሉ እንኳ ቼኩ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። የጸደቀ እርቅ፣ ያልተነሳ እግድና ልኩ የተጻፈ ዋስ ካላቸው ቼኩ የሚጨምርላቸው ነገር የለም፤ ተከሳሹን ግን አንድ ሰርተፊኬት በዘገየ ቁጥር በወንጀል ተጠያቂ ያደርገዋል።

ሰነድ_አዋቂ

ለቀጠሮው ቀን፦ ስምምነቱን ለፍርድ ቤት አንድ፣ ለእያንዳንዱ ፈራሚ አንድ አንድ፣ ለእግዱ ደግሞ መኪናውን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት የሚላክ አንድ ቅጂ አድርጋችሁ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ገጽ ይፈረም፤ ስርዝ ድልዝ ካለ ጎኑ ላይ ሁሉም ይፈርሙበት። መታወቂያ፣ የውክልናው ዋና ቅጂ፣ የሁለቱ ሚስቶች የጋብቻ ማስረጃ አይቅር። ማመልከቻውን ለቀጠሮው ቀን አታቆዩት፤ ቀደም ብላችሁ በሬጅስትራር በኩል አስገቡና ዳኛው አንብቦት እንዲቀርብ አድርጉ። ዳኛው ካጸደቀ በኋላ ማኅተም ያረፈበትን የትእዛዙን ግልባጭ ከሳሹ በዚያው ሰሞን ያውጡ። አፈጻጸም የሚከፈተው በእሱ ነውና መዝገቡ ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት በእጃቸው ይሁን።